ቃሬዛ የሚሸከም ወደ ላይ ይውጣ

አንድ ታሪክ አለኝ፤ አዛብቼ አስታውሼው ይሆናል። የሰማሁት ከአንድ ሽማግሌ ነው፤ እሳቸውም የሰሙት ከሌላ ሰው ነበር። ንግግሮቹን ቃል በቃል ይዣቸዋለሁ አልልም። የነገሩን ቅደም ተከተል ግን የቻልኩትን ያህል ጠብቄ ጽፌዋለሁ። የተሳሳተ ቢኖር የነገሩኝ ሽማግሌ ሳይሆኑ እኔ ነኝ።

በአንድ ትልቅ ከተማ ትርሲት የምትባል ሴት ነበረች። የጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው በቆሙባቸው ሰፈሮች ለሚኖሩ ድሆች የቆመ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ትመራ ነበር። ማኅበሩን የጀመረችው በወጣትነቷ፣ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። በመጀመሪያ ለአንዱ ሰፈር የቦኖ ውሃ አስገባች። ቀጥላ ለሌላው መጸዳጃ ቤት አሠራች። ከዚያ ደግሞ ቤታቸው በላያቸው ላይ ሊፈርስ የነበረ ሰዎችን ይዛ ፍርድ ቤት ቆመች፤ ረታችም። ከዓመት ዓመት ስሟ እያደገ ሄደ። በየቢሮው ያሉ ጸሐፊዎች ከሩቅ ሲያዩዋት “መጣች ደግሞ” ይባባሉ ነበር፤ ቢሆንም ወንበር ይስቡላታል።

ትርሲት በሥራዋ የማትለውጠው አንድ ደንብ ነበራት። ወደ የትኛውም ቢሮ ከመሄዷ በፊት የሰፈሩን ሰው ሰብስባ “ምን ይጎድላችኋል?” ብላ ትጠይቃለች። የተባለችውን መልሳ ትነግራቸዋለች። “አዎ፣ ይኸው ነው” እስኪሏት ድረስ ከሰፈሩ አትወጣም። ከራሷ ምንም አትጨምርም፤ ከነሱም ምንም አታስቀርም። በዚህ ደንቧ ትኮራ ነበር። ብትኮራም አይፈረድባትም፤ ድሃን ጠይቆ የሚሰማ ሰው በዚያ ከተማ ብዙ አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከተማው ሸክላ ሰፈርን አፍርሶ ሰፊ መንገድ ሊያወጣበት ወሰነ። ትርሲት እንደ ልማዷ ሄዳ “ምን ይጎድላችኋል?” ብላ ጠየቀች። ትልቁም ትንሹም “ቤት!” አለ። “ቤት ብቻ?” አለች። “ቤት ካለ ሌላው ይመጣል” አሏት። እሷም የተባለችውን ይዛ ሄደች። ለባለቤቶቹ ብቻ ሳይሆን ለተከራዩም ለደባሉም ቤት ይሰጥ ብላ ተከራከረች። ብዙ ደጅ ጠናች፤ በመጨረሻ ከንቲባው እሺ አሉ። ሁሉም ዕጣ አወጣ፤ ሁሉም የቁልፍ ባለቤት ሆነ። የዚያን ቀን እልልታው ሌላ ነበር። ሴቶቹ ቁልፋቸውን ሳሙ፤ ወንዶቹ ትርሲትን በትከሻቸው ተሸክመው አደባባዩን ዞሩ። ያ ፎቶግራፍ በማኅበሩ ዓመታዊ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

ዕጣ ግን ዕጣ ነው። ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ጎረቤታሞች አንዱ በከተማው ምሥራቅ ዳር፣ ሌላው በምዕራብ ዳር በሚገኝ የፎቅ ሕንፃ ወጣላቸው። ለጊዜው ማንም ልብ አላለውም፤ ሁሉም አዲሱን ቤቱን በማጽዳት ላይ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እማማ አስካለ የሚባሉ የሸክላ ሰፈር ሴት በአዲሱ ቤታቸው ሞቱ። ልጃቸው መርዕድ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ፈልጎ አገኘው። ጡሩምባ ነፊውም መጣ፤ ግን ማንን ይጥራ? በሕንፃው ዙሪያ ቢነፋ የሚሰማው ሁሉ እንግዳ ነው። እማማን የሚያውቁት ሁለት አውቶቡስ ይዘው የሚደርሱ ሆነዋል። ድንኳኑም ድስቱም አግዳሚ ወንበሩም የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ ጠፋ። ትርሲት ወሬውን ሰምታ ስትደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። መርዕድ ብቻውን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

“አይዞህ መርዕድ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ” አለችው።

“እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ይግቡ፤ ቤቱን ይዩት። ጥሩ ቤት ነው። ውሃው ከግድግዳ ነው የሚወጣው። እናቴ እየከፈተች እየዘጋች ስትስቅ ነበር የምትውለው። ግን እትዬ፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በእድሩ ሰው ስትቀብር ኖራለች። እሷን የተሸከሟት ከመንገድ የለመንኳቸው ሰዎች ናቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ አልከፉም። ግን አንዱ ቃሬዛውን ሲያነሳ ‘ሟቹ ወንድ ናቸው ሴት?’ ብሎ ጠየቀኝ።”

ትርሲት አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ “ስጠይቃችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?” አለችው።

“ምን ብለን እትዬ? እርስዎ የጠየቁን የጎደለንን ነው። እድሩ መቼ ጎደለን? ያለውን ነገር ማን ይለምናል?”

ይህ ቃል ትርሲትን እንቅልፍ ነሳት። ስህተቷ የት እንደነበር ገባት። ሰው ሲጠየቅ የሚያወራው ስለሌለው ነገር ነው፤ ያለውን እንደ አየር አያየውም። እሷም የሌላቸውን ሁሉ አስገኝታላቸው ሳለ ያላቸው ነገር ከእጃቸው ሲወድቅ ሳታይ ቀረች።

በዚያው ዓመት ተራው የወፍጮ ሰፈር ሆነ። ወፍጮ ሰፈርም ሊፈርስ ነው፤ ነዋሪውም በዕጣ ሊደለደል ነው። ትርሲት ሰዉን ሰበሰበች። በዚህ ጊዜ ግን ጥያቄዋ ሌላ ነበር።

“ምን አላችሁ?” አለቻቸው።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በሰፈሩ አፏ የሚፈራው ጠላ ሻጯ ዘነቡ ቀድማ መለሰች። “ምን አለን? አይጥ አለን!”

“እሱም የጋራ ነው” አላት ጫንያለው የሚባል ወፍራም ጎረቤቷ። “ቁርሱን እኔ ቤት በልቶ ምሳውን አንቺ ቤት ነው።”

“ለዚህ ነው አንተን የመሰለው!” አለች፤ ሳቅ ሆነ።

ትርሲትም ሳቀች፤ ጥያቄዋን ግን አልተወችም። “ዘነቡ፣ ጌሾ ልትገዢ ገበያ ስትወጪ ልጅሽን ማን ይይዝልሻል?”

“ማን ይይዛል፤ እማማ ደብሬ ናቸዋ።”

“እማማ ደብሬ፣ እርስዎስ ባለፈው ክረምት ጣራዎን ነፋስ ሲያነሳው ማን ወጣልዎት?”

“ይኸው ይህ ጫንያለው። ቆርቆሮውን ከራሱ ጣራ ነቅሎ መታልኝ። ከዚያ ሲዘንብ እሱ እኔ ቤት መጥቶ አደረ።”

ከዚያ በኋላ ትርሲት መጠየቅ አላስፈለጋትም። አንዱ የታመመ ልጁን በውድቅት ማን እንደተሸከመለት ተናገረ። ሌላዋ የበሯን ቁልፍ ሦስት ጎረቤት እንደያዘላት ተናገረች። ከሁሉም በላይ ስለ እድራቸው ተናገሩ። ማንም ሰው በዚያ ሰፈር ብቻውን ተቀብሮ አያውቅም ነበር። ሲጨርሱ ሁሉም ትንሽ ቀና ብለው እንደተቀመጡ ሽማግሌው ነግረውኛል። ድሆች ነን ብለው የመጡት ሰዎች ያላቸውን ሲቆጥሩ ዋሉ።

ከባዱ ነገር ከዚህ በኋላ መጣ። የማኅበሩ ቦርድ ሰብሳቢ ትርሲትን ጠርቶ አነጋገራት። “ከንቲባው ፊት ቀርበሽ ምን ልትዪ ነው?”

“ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይለይ አንድ ላይ ይሂድ እላለሁ።”

“‘ባለፈው የጠየቅሽውን ሰጠሁሽ፤ በትከሻ ተሸክመውሽ ጨፈራችሁ፤ አሁን ደግሞ ምን መጣ?’ ቢሉሽስ?”

“ባለፈው ተሳስቻለሁ እላለሁ።”

ሰብሳቢው ደነገጠ። “ትርሲት፣ የሸክላ ሰፈር ድል የማኅበራችን ስም ነው። ለጋሾች የሚያውቁን በሱ ነው። በራስሽ አፍ ካፈረስሽው ነገ ማን ያምነናል?”

“ዝም ካልኩ ደግሞ ወፍጮ ሰፈር ይበተናል” አለች። “ከማኅበሩ ስምና ከሰፈሩ አንዱ መትረፍ ካለበት፣ ማኅበሩን ያቋቋምኩት ለየትኛው እንደሆነ አውቃለሁ።”

ከንቲባው ጉዳዩን የሰሙት በከተማው አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ትርሲት ጥያቄዋን ስታቀርብ ልክ ሰብሳቢው እንዳለው አሏት። “ወይዘሮ ትርሲት፣ ባለፈው የጠየቁትን አንድ ሳላጎድል ሰጥቻለሁ። ዕጣ ማለት ፍትሕ ነው፤ ዘመድ አያውቅም። ዛሬ ‘ከእገሌ ጋር አስቀምጡኝ’ የሚለውን ከሰማሁ ነገ ‘ከንቲባው አዳላ’ እባላለሁ።”

“የጠየቅሁትን ሁሉ ሰጥተውኛል፣ ክቡር ከንቲባ” አለች። “ጎደሎ የነበረው ጥያቄዬ ነው። ቤት ጠየቅሁ፤ ጎረቤትን ረሳሁ። ጥፋቱ የከተማው አይደለም፤ የእኔ ነው። በዚህ ስህተት ምክንያት አንዲት እናት ስማቸውን የማያውቅ ሰው ተሸክሟቸው ተቀብረዋል።”

ሰብሳቢው ከኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፋ። ከንቲባው የጠበቁት ክስ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?” አሏት።

“ዕጣው አይቅር። በሰው ስም መውጣቱ ቀርቶ በእድር ስም ይውጣ። ለአንድ እድር አንድ ሕንፃ። የትኛው ሕንፃ እንደሚደርሰው ዕጣው ይወስን፤ ማዳላት አይኖርም።”

“ፎቁስ? ሁሉም ምድር ቤቱን ልውሰድ ቢልስ? ጠብ ልታስነሱብኝ ነው።”

“ይጣላሉ፤ ከዚያ ይታረቃሉ። ሲጣሉና ሲታረቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው።”

ከንቲባው ትንሽ አሰቡ። “እንግዲያውስ በሚቀጥለው ሳምንት ነዋሪው ሁሉ እዚህ ይቅረብ። ፎቁን ራሳችሁ ተደላድላችሁ ኑ። ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ ‘ተበደልኩ’ ካለ ግን ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ ዕጣው እንደ ዱሮው በየሰዉ ስም ይወጣል።”

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እድሩ ድንኳኑን ተክሎ ተሰበሰበ። ከንቲባው የፈሩት ወዲያው ደረሰ። ሁሉም ምድር ቤቱን ፈለገ። አንዱ “ጉልበቴ” አለ። ሌላው “ልጆቼ ከፎቅ ይወድቃሉ” አለ። ጫንያለው ወገቡን ይዞ ተነሣ። “እኔ ይህን ወገብ ይዤ ደረጃ አልወጣም፤ ቀድሜ ልናገር!”

“እኔስ የጠላ ጋኔን ማን ፎቅ ያወጣልኛል?” አለች ዘነቡ።

“ጠጪው አንቺ ጋ ይወጣል፤ ምን ቸገረሽ?”

“ሲወጣ መች ፈራሁ፤ ሲወርድ ነው እንጂ!”

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ድምፅ እየጨመረ፣ ነገር እየከረረ ሄደ። አንዱ የሌላውን የጥንት በደል አነሳ። ትርሲት ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ልትናገር ብዙ ጊዜ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ግን አልተናገረችም። ከንቲባው ፊት “ይታረቃሉ” ያለችው እሷ ናት። እሷ ካስታረቀቻቸው ያለችው ውሸት ይሆናል።

በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው ተነሡ። ሰዉ ዝም እስኪል ቆመው ጠበቁ።

“እድራችን እስከ ዛሬ በምን ቆመ?” አሉ። “ሬሳ ሲወጣ የሚችል ይሸከማል፤ የማይችል ይከተላል። ያልቻለውን ‘ለምን አልተሸከምክም’ ብለነው አናውቅም። የቻለውም ‘ለምን እኔ ብቻ’ ብሎን አያውቅም። ሕንፃውም ያው ነው። ቃሬዛ የሚሸከም፣ ትልቁን ድስት ከእሳት የምታወርድ፣ ወደ ላይ ይውጣ። የማይችል ከታች ይቀመጥ። ከታች የተቀመጠ ከዛሬ ጀምሮ ከቃሬዛውም ከድስቱም ነፃ ነው።”

ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ጫንያለው ዞሩ።

“ጫንያለው፣ ወገቤን ብለሃል። ከታች ላድርግህ?”

“ቆይ እንጂ ጋሼ። ከቃሬዛ ነፃ ማለት… ሬሳ ሲወጣ እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከኋላ ነው የምከተለው?”

“ወገብህን ካመመህ ምን ይደረግ?”

“ማን አመመኝ አለ?” አለ ጫንያለው ቀበቶውን እያጠበቀ። “ሦስተኛ… አይ፣ አራተኛ ፎቅ አድርጉኝ!”

“እኔም ድስቱን ለማንም አልለቅም” አለች ዘነቡ። “የጠላ ጋኔንም ራሴ አወጣዋለሁ!”

ከዚያ በኋላ ላለመውጣት የነበረው ሽሚያ ለመውጣት ሆነ። እጅ ከየአቅጣጫው ተነሣ። ጎረምሶቹ ሁሉ የላይኛውን ፎቅ ያዙ። በዚህ መሀል እማማ ደብሬ በቀስታ “እኔስ? ምንም የማልሸከመው?” አሉ። ጋሽ ወንድይፍራው ጎንበስ ብለው መለሱላቸው። “እርስዎ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በጀርባዎ አዝለው አሳድገዋል፤ ድርሻዎን ተሸክመው ጨርሰዋል። ከታች ይቀመጡ፤ ለሚወጣ ለሚወርደው ‘እንደምን ዋላችሁ’ የሚል ሰው ያስፈልገናል።” ከዚያ በኋላ ከታች መቀመጥም የሚያሳፍር ነገር መሆኑ ቀረ። በእውነት የደከመው ሁሉ ሳያፍር ስሙን ተናገረ።

በሳምንቱ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ቆሙ። ከንቲባው “ተበደልኩ የሚል አለ?” ብለው ጠየቁ። እጁን ያወጣ የለም። ዳግመኛ ጠየቁ። ጫንያለው እጁን አወጣ። ከሩቅ ዘነቡ ጥርሷን ነክሳ ስታየው ነበር።

“ተናገር” አሉት ከንቲባው።

“ክቡር ከንቲባ፣ እኔ አራተኛ ፎቅ ደርሶኛል። ሕንፃው አምስተኛ እንዳለው ማንም አልነገረኝም ነበር። ካለ ግን እሱን ይስጡኝ።”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ከንቲባውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ዕጣው እንዲወጣ አዘዙ። ለወፍጮ ሰፈር እድር የደረሰው ሕንፃ ከሁሉ የራቀውና አቧራው የበዛው ነበር። አንድም ሰው ቅር አላለውም። ድንኳናቸውን፣ ቃሬዛቸውንና ድስታቸውን አስቀድመው ጭነው ሄዱ።

ማኅበሩ በትርሲት ቃል ምክንያት ከለጋሾቹ አንዱን አጣ፤ ይህንን አልደብቅም። ሌሎቹ ግን ቆዩ። ሰብሳቢውም በሚቀጥለው ዓመት ራሱ የመጽሔቱን ሽፋን ቀየረው። ትርሲት የቀሩትን የሥራ ዓመታቷን የሸክላ ሰፈርን ሰዎች ቤት በቤት እያለዋወጠች በማቀራረብ አሳለፈች። ሁሉንም መልሳ ማሰባሰብ አልቻለችም። የቻለችውን ያህል አቀራረበች። ወደ አዲስ ሰፈር ስትገባ ግን ሁልጊዜ “ምን አላችሁ?” የሚለውን ታስቀድም ነበር፤ “ምን ይጎድላችኋል?” የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጡረታ ስትወጣ ለክብሯ በተዘጋጀው ግብዣ ላይ ስለ ድሎቿ እንድትናገር ተጠየቀች። “ትልቁ ኩራቴ ያ እሑድ ነው፤ በድንኳኑ ውስጥ ዝም ብዬ የተቀመጥኩበት” አለች።

እኔ ከዚህ ታሪክ የተረዳሁት ይህን ነው። ድሃ ማለት ምንም የሌለው ሰው ማለት አይደለም። የጎደለውን ብቻ አይቶ የሚረዳ ሰው፣ በአንድ እጁ እየሰጠ በሌላው ሊነጥቅ ይችላል፤ ያውም ሳያውቀው። ያለውን አስቀድሞ የጠየቀ ግን ተረጂውን ሰው ያደርገዋል፤ ሰው ደግሞ ራሱን ሲያከብር የሚከብደውን ደረጃ ራሱ መርጦ ይወጣል። መሪም ቢሆን ክብሩ ያልተሳሳተ በመሆኑ አይደለም፤ ከስሙና ከሰዎቹ አንዱን መምረጥ ሲመጣ ሰዎቹን በመምረጡ ነው። እናንተስ ልትረዱት ያሰባችሁትን ሰው፣ ምን እንዳለው ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

አንድ ነገር ግን ቆይቼ አረጋግጫለሁ። ሽማግሌው የዚያን ሕንፃ ቁጥር ማንም አያስታውስም ብለውኝ ነበር፤ የተጋነነ መስሎኝ ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ቁጥሩ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ታክሲው ሲቃረብ ግን ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት “እድሩ ጋ ወራጅ አለ!” አለች፤ ሾፌሩም የቱ ጋ ብሎ ሳይጠይቅ ሕንፃው በር ላይ አቆመላት።